ለጅማ ከተማ ከንቲባ፦ ሌላ ስልጠና ከመጠራቱ በፊት ሐሙስን ይዩልን

ይድረስ ለጅማ ከተማ ከንቲባ ጽሕፈት ቤት
ጅማ

ክቡር ከንቲባ፣

በቅድሚያ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ከ20 ዓመት በላይ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሠራሁ፣ አሁን ጡረታ የወጣሁ የሰው ኃይል አስተዳደር ባለሙያ ነኝ። ለጽሕፈት ቤትዎ የማስገባውን ቅጂ በአፋን ኦሮሞ አዘጋጅቻለሁ። ይህኛው በአማርኛ ለሚያነበው የከተማችን ሰው ነው። የማነሳቸውን መሥሪያ ቤቶች በስም አልጠራም። ሰው ለማሳጣት አልተነሳሁም። ደግሞም ስም ብጠራ «እነሱማ ድሮም እንደዚያ ናቸው» ተብሎ ይታለፋል። ነገሩ ግን የሁላችንም ነው።

ጉዳዬ ስለ መሥሪያ ቤት ባህልና ስለ ኃላፊ ነው።

በሥራ ዘመኔ ስንት የለውጥ ፕሮግራም አየሁ መሰለዎት! በ1990ዎቹ ማብቂያ ቢፒአር፣ አሠራርን ከሥሩ እንደገና መቅረጽ የሚባለው መጣ። ግድግዳ ፈረሰ፣ ጠረጴዛ ተገጣጠመ፣ «የሥራ ሂደት ባለቤት» የሚባል ማዕረግ ተፈጠረ። ቀጥሎ ቢኤስሲ፣ ሚዛናዊ የውጤት መለኪያ የሚሉት። ከዚያ የለውጥ ሠራዊትና ሠራተኛውን በትንንሽ ቡድን የሚያደራጀው አንድ ለአምስት። የካይዘን ኢንስቲትዩት በ2004 ዓ.ም. ተቋቋመና ካይዘንም፣ ሥራን በየቀኑ በትንሽ በትንሹ የማሻሻል የጃፓኖች ዘዴ፣ እኛ ዘንድ ደረሰ። በመካከሉ ለባለጉዳይ የአገልግሎት ቃል የሚገባው የዜጎች ቻርተር በር ላይ ተለጠፈ። አንዳቸውም መጥፎ ሐሳብ አልነበሩም። ቢፒአር በመጣ ሰሞን ነገሮች በእርግጥ አጥረው ነበር። የደረጃ ዕድገት ፋይል ከሰባት ፊርማ ወደ ሦስት ሲወርድ በዓይኔ አይቻለሁ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ግን ሰባቱም ፊርማዎች ተመልሰው መጡ። ይመለሱ ብሎ የወሰነ ሰው የለም። ደብዳቤም አልተጻፈም። እያንዳንዱ ኃላፊ «እኔ ሳላየው እንዳይወጣ» እያለ አንድ አንድ ፊርማ ጨመረ፣ በቃ።

እኔ ባህል የምለው ይህን ነው። ማንም ሳያዝዘው ተመልሶ የሚመጣውን ነገር።

ኤድጋር ሻይን የሚባል፣ ኤምአይቲ በተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረ ምሁር ነበር። ዕድሜውን በዚህ ጉዳይ ላይ ፈጅቶ እ.ኤ.አ. በ2023 አረፈ። የመሥሪያ ቤት ባህል ሦስት ድርብርብ አለው ይል ነበር። የላይኛው በዓይን የሚታየው ነው፤ ወንበሩ፣ ባጁ፣ አዲሱ ቀለም። ሁለተኛው እናምንበታለን ብለን የምንናገረው ነው፤ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ራዕይ፣ ተልዕኮና እሴት። ሦስተኛው ማንም አፍ አውጥቶ የማይናገረው፣ ግን ሁሉም የሚኖርበት ነው።

ሦስተኛውን ለማግኘት ግድግዳውን ይርሱት፣ ተረታችንን ይስሙ። «ግልጽነትና ተጠያቂነት» ከሚል ፖስተር ሥር የተቀመጠው ሠራተኛ በልቡ የሚያውቀው «ጎመን በጤና»ን ነው። ከጎኑ ያለው «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ሲባል እየሰማ ያደገ ነው። ባለጉዳዩም ቢሆን «ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» ይልና ኮፍያውን አውልቆ ይቆማል። ደጅ ጥናት የሚል ቃል ያለው ሕዝብ ነን። ሰው ደጅ ሲጠና አይገርመንም፤ በቀጠሮ መጥቶ በቀጠሮው ሲስተናገድ ነው የሚገርመን። በሦስት ቀን የሆቴል አዳራሽ ስልጠና፣ በውሃና በኮካ፣ በመጨረሻው ቀን በሚከፈል አበል ይህ ይነቀላል ብሎ ማሰብ የዋህነት ነው።

ታዲያ በምን ይለወጣል? ሻይን መልስ ነበረው። ሠራተኛው የኃላፊውን ንግግር ብዙም አይሰማም። የሚያየው ኃላፊው በየቀኑ ምኑን እንደሚጠይቅ፣ ችግር ሲፈጠር ምን እንደሚያደርግ፣ ማንን እንደሚያሳድግና ማንን ገሸሽ እንደሚያደርግ ነው። ይህን ሳነብ የራሴ መሥሪያ ቤቶች ናቸው ትዝ ያሉኝ።

በአንደኛው ግምገማ ነበር። ኃላፊው «በነጻነት ተናገሩ፣ እኔንም አትማሩኝ» አሉ። አንድ ወጣት ባለሙያ አመናቸው። ለበላይ የሚላከው ሪፖርትና መሬት ላይ ያለው ሥራ እንደማይገናኝ በምሳሌ አስረዳ። አዳራሹ ጸጥ አለ። ኃላፊው ፈገግ ብለው ማስታወሻ ያዙ፣ አመሰገኑትም። በወሩ ልጁ ዕቃ ግምጃ ቤት ተመደበ። «ለሥራው ቅልጥፍና» ይል ነበር ደብዳቤው፤ አውቀዋለሁ፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ በዚያ ቤት የተደረገ ስብሰባ ሁሉ «ጥሩ አፈጻጸም ነው፣ ቢቀጥል» በሚል ነበር የሚያልቀው። ኃላፊው እስኪነሱ አራት ዓመት ቆዩ። አራት ዓመት ሙሉ ችግር የለብንም።

በሌላ ቤት ደግሞ አንዲት ኃላፊ መጡ። በመጀመሪያው ሳምንት የመዝገብ ቤቷ ልጅ ፋይል ጠፋባት። ባለጉዳዩ እየጮኸ ነው። እኛ የዲሲፕሊን ቅጹን አዘጋጅተን ጠበቅን። ሴትየዋ «ማን ነው ያጠፋው?» አላሉም። «ይህ ፋይል ስንት እጅ ነው የሚነካው?» ብለው ጠየቁ። ሲቆጠር ዘጠኝ ሆነ። ቁጭ ብለው ከልጅቷ ጋር ወደ አራት አወረዱት። ፋይሉ በኋላ ከአንድ ባለሙያ መሳቢያ ተገኘ፣ ያም ሰው አልተቀጣም። ከዚያ የሆነውን ልንገርዎ። በሁለተኛው ወር ሰዎች ስህተታቸውን ራሳቸው ይዘው መምጣት ጀመሩ። «እመቤቴ፣ ይቺን ተሳስቻለሁ» እያሉ። እኔ በሥራ ዘመኔ ይህን ያየሁት አንድ ቦታ ብቻ ነው።

በዓመት ከመንፈቅ ሴትየዋ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወሩ። በእሳቸው ቦታ የመጡት ሰው የመጀመሪያ ጥያቄ «ማን ነው ያጠፋው?» ነበር። ሦስት ወር አልፈጀም፣ ፋይሉ ዘጠኙ እጅ ላይ ተመለሰ።

ኤሚ ኤድመንድሰን የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በሆስፒታሎች የመድኃኒት አሰጣጥ ስህተትን ታጠና ነበር። በደንብ የሚመራና የሚግባባ ቡድን ስህተቱ ያንሳል ብላ ነው የጀመረችው። ቁጥሩ ግን በተቃራኒው መጣ። ጥሩዎቹ ቡድኖች ብዙ ስህተት ተመዝግቦባቸዋል። ቀረብ ብላ ስታየው ጥሩዎቹ የሚናገሩ፣ ሌሎቹ ደግሞ የሚደብቁ ሆነው ተገኙ። እንግዲህ ክቡር ከንቲባ፣ ከየጽሕፈት ቤቱ የሚመጣልዎትን ንጹህ ሪፖርት በዚህ ዓይን ቢያዩት ምን ይታይዎታል?

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ከተማችን የዩኒቨርሲቲ ከተማ ናት። ጅማ ዩኒቨርሲቲ በ1992 ዓ.ም. ከግብርና ኮሌጁና ከጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ሲመሠረት ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርትን መታወቂያው አድርጎ ነው። እኛም መሥሪያ ቤት ውስጥ የዚህ በረከት ተካፋዮች ነን፤ በየዓመቱ ከዚህም ከሌላም ተቋም የማስተርስ ተማሪዎች መጠይቅ ይዘው ይመጣሉ። «የመሪነት ስልት በሠራተኛ አፈጻጸም ላይ ያለው ተጽዕኖ»፣ ወይም የዚህ ወንድም የሆነ ርዕስ። «በጣም አልስማማም» ከሚለው እስከ «በጣም እስማማለሁ» ድረስ አምስት ሳጥን አለው። ወረቀቱን የምታድለውና የምትሰበስበው የኃላፊው ጸሐፊ ናት። የት ላይ ምልክት እንደምናደርግ ገምቱ። እኔ ራሴ ለኃላፊያችን ስንቴ «በጣም እስማማለሁ» እንዳልኩላቸው አልቆጥረውም። ተማሪው ተመረቀ፣ ጥናቱ መደርደሪያ ላይ ወጣ፣ ኃላፊያችንም በሳይንስ የተመሰከረላቸው መሪ ሆኑ።

የሩቅ አገር ምሳሌ ላንሳ፣ ግን ይህኛው ይገባዋል። ካሊፎርኒያ፣ ፍሪሞንት ውስጥ ጄኔራል ሞተርስ መኪና የሚገጣጥምበት ፋብሪካ ነበረው። ሠራተኛው ከአምስት አንዱ ገደማ ከሥራ የሚቀርበት፣ ከአለቃ ጋር ጠብ የማይጠፋበት ቤት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1982 ተዘጋ። በ1984 ከቶዮታ ጋር በሽርክና፣ ኑሚ በሚል ስም ተከፈተ። የተቀጠሩት አብዛኞቹ እነዚያው የድሮዎቹ ሠራተኞች ነበሩ። የሠራተኛ ማኅበራቸውም ያው ነው። ከሥራ መቅረቱ ግን ወደ ጥቂት በመቶ ወረደ፣ የመኪናው ጥራትም ተመሰገነ።

ምን ተለወጠ? ብዙ ነገር፤ እኔ ግን ገመዱን ነው የምወደው። በመስመሩ ላይ ገመድ ተዘርግቷል። ሠራተኛው ችግር ካየ ይጎትተዋል። አለቃው ሮጦ ይመጣል፣ ሊረዳው። ካልተፈታ መስመሩ ይቆማል። ድሮ መስመር ማስቆም ነውር ነበር፤ የተበላሸው መኪና እንደተበላሸ ያልፋል። ሌላም አለ። ኩባንያው የከፋ ችግር ካልገጠመው በቀር ሠራተኛ እንደማያሰናብት ቃል ገብቶ ነበር። ሰው ገመዱን የሚጎትተው እንጀራው እንደማይቆረጥ ሲያውቅ ነው። ጄኔራል ሞተርስ ይህንኑ ወደ ሌሎች ፋብሪካዎቹ ለመውሰድ ሞክሮ ለዓመታት ተቸግሯል። ገመዱን መስቀል ቀላል ነው። ሲጎተት ምን እንደሚደረግ ነው ከባዱ። እኛም እኮ ገመድ አለን፤ የአስተያየት መስጫ ሣጥን እንለዋለን። በአንዱ ቤት ቁልፉ ጠፍቶ ዓመት ሙሉ አልተከፈተም። ሲሰበር ውስጡ ሦስት ወረቀትና አንድ የማስቲካ ልጣጭ ተገኘ።

ለኃላፊዎችም ልፍረድ። እነሱም ከላይ የሚፈሩት አለ። ዕቅዱ ወርዶላቸው ነው፣ ለስብሰባ በስልክ ነው የሚጠሩት፣ «አልቻልኩም» ያለ ኃላፊ ምን እንደሚጠብቀው ያውቃሉ። ሠራተኛውም በወር መጨረሻ በምን እንደሚያድር እናውቃለን። የቤት ኪራይ በባህል ለውጥ አይከፈልም። ይህን ሳይናገሩ ስለ ተነሳሽነት ማስተማር ያሳፍራል።

አሁን ወደ ሐሙስ ልምጣ።

ሐሙስ የጅማ ገበያ ቀን ነው። የከተማችን ነባር ገበያ ሒርማታ ከጥንትም በሐሙስ ገበያዋ ነው የምትታወቀው። ከዙሪያችን ወረዳዎች፣ ከዴዶ፣ ከማና፣ ከቀርሳ ሰው ቡናውን፣ ቅቤውን፣ ማሩን ይዞ ይገባል። በዚያው እግሩ የቢሮ ጉዳይ ካለው ይጨርሳል። እኔ የሠራሁበት አንድ ቤት ደግሞ ሳምንታዊ የማኔጅመንት ስብሰባው ሐሙስ ጠዋት ነበር። ለምን ሐሙስ? ማንም አያውቅም። ከዴዶ የሚመጡ አንድ ሽማግሌ በከተማ ያለ የውርስ ቤት ስም ለማዛወር ይመላለሱ ነበር። ሁልጊዜ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ይባላሉ። በመጨረሻ እኔን «ልጄ፣ ይህ ስብሰባ ስለ ምንድን ነው?» አሉኝ። አጀንዳውን አውቀው ነበር። የዚያን ቀኑ የባለጉዳይ እርካታ ነበር። ልነግራቸው አፈርኩ።

ስለዚህ የምጠይቅዎ ትልቅ ነገር አይደለም። በከተማው ሥር ባሉ መሥሪያ ቤቶች ሁሉ ሐሙስ እስከ ስድስት ሰዓት ስብሰባ አይኑር። ኃላፊውም በዚያ ጠዋት ከባለጉዳይ መስኮቱ ጀርባ፣ ከሠራተኛው አጠገብ ይቀመጥ። ሊቆጣጠር አይደለም፤ ሥራው የት ላይ እንደሚታነቅ ራሱ እንዲያይ ነው።

እርስዎ ደግሞ በወር አንዴ ኃላፊዎቹን ሲያገኙ የአፈጻጸም በመቶኛውን ትተው «በዚህ ወር ቤታችሁ ውስጥ ምን ተበላሸ?» ብለው ይጠይቁ። የመጀመሪያው ደፋር የሚናገረውን ያያሉ፣ ሌሎቹ ግን እርስዎን ነው የሚያዩት። ያን ቀን ፊትዎ ከጠቆረ ነገሩ አበቃ። «እንዴት ልርዳህ?» ካሉት ግን በሚቀጥለው ወር ሦስት ሰው ይናገራል። ካሜራ ያስከተለ ድንገተኛ ጉብኝት ግን ይቅርብን። ሠራተኛ በሕዝብ ፊት ሲገሰጽ በቴሌቪዥን ያየ ሁሉ የሚማረው መደበቅን ነው።

አንድ የመጨረሻ ልመና አለኝ። ጥሩ የሠራ ኃላፊ ቶሎ አይነሳ። መነሳቱ ግድ ከሆነም ተተኪው ከእርሱ ጋር ጥቂት ሳምንት አብሮ ይቀመጥ። በ2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረውን የመሶብ አንድ ማዕከል አገልግሎት እኔም ወድጄዋለሁ። ብዙ አገልግሎት በአንድ ጣሪያ ሥር መሆኑ ትልቅ ነገር ነው። ግን ያማረው አዳራሽ ውስጥ የሚቀመጠው ከየቤቱ የሚመጣው ያው ሠራተኛ ነው። «ጎመን በጤና»ንም ይዟት ይገባል።

የአፋን ኦሮሞውን ቅጂ ሐሙስ ጠዋት ይዤ እመጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር
ጡረታ የወጡ አንድ የሰው ኃይል ባለሙያ
ጅማ