የእንግሊዝኛ ክበብ፦ ከዶዶ ጋር የከረምንበት ዓመት

መስከረም ላይ ስንመዘገብ ክፍሉ ጢም ብሎ ነበር፤ የጥር ፈተና ሲያልፍ የቀሩት ግን ሁለት ረድፍ ዴስክ አይሞሉም። አልከፋኝም። ሐሙስ ሐሙስ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ሆዱ እየራበው የሚቀመጥ ተማሪ ለቋንቋው ፍቅር ቢኖረው ነው።

ክርክሩንና ድራማውን ሰልፍ ላይ ስላያችሁት አልደግመውም። ዓመቱን የበላብን «ጎን ዘ ዌይ ኦቭ ዘ ዶዶ» የሚል አንድ አነጋገር ነው፤ ቃል በቃል «የዶዶን መንገድ ሄደ» ማለት ነው። ዶዶ በህንድ ውቅያኖስ፣ በሞሪሺየስ ደሴት ብቻ ትኖር የነበረች፣ መብረር የማትችል፣ ከርግብ ወገን የሆነች ትልቅ ወፍ ናት። የሆላንድ መርከበኞች እ.ኤ.አ. በ1598 ደሴቲቱ ላይ ደረሱ። ጎጆዋ መሬት ላይ ነበርና ሰዎች ይዘዋቸው የመጡት አሳማ፣ አይጥና ጦጣ እንቁላሏን አጠፉባት፤ መቶ ዓመት ሳይሞላ ዘሯ አለቀ። እንግሊዞች አንድ ዕቃ ወይም ልማድ ጨርሶ ሲቀር በእሷ ስም መናገራቸው ከዚህ ነው።

«መንገድ ሄደ» የሚለውን ያገኘችልን ደግሞ ሰንበት ትምህርት ቤት የምታገለግል የ10ኛ ክፍል ልጅ ናት። ዳዊት ለሰሎሞን ሲናዘዝ የምድሩን ሁሉ መንገድ እሄዳለሁ ይለዋል፤ የቆየው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስም በዚያው ቦታ ይህንኑ ይላል። እኔ ስንት ዓመት ሳስተምር ልብ ያላልኩት ነገር ነው።

አጠቃቀሙ ላይ ግን ተጨቃጨቅን። ያረጀ ሁሉ ዶዶ አይደለም። የአንዷ ተማሪ አባት ቮልስ አርጅታለች፤ ጠዋት ስትነሳ ግን ሰፈሩ በሙሉ ይሰማታል። ቴሌግራም ቢባል ያስኬዳል፦ ዛሬ ከውጭ ገንዘብ የሚላክልን በዌስተርን ዩኒየን አይደል? ያው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ቴሌግራም ማስተላለፉን አቁሟል። አንዱ ጎረምሳ ምሳሌ ስጥ ብለው «ጠመኔ» አለኝ፤ እጄ ግን በጠመኔ እንደነጣ ነበር።

የማልረሳው «አጎቴ የዶዶን መንገድ ሄዷል» የሚል ዓረፍተ ነገር ነው። በቀይ ሰርዤ ልጁን ጠራሁት። «ቲቸር፣ ዓረብ አገር ከሄደ ድምፁ የለም» አለኝ። ለካ «የውሃ ሽታ ሆነ» ማለቱ ነው። ሁለቱ እንደማይገናኙ ያስረዳሁት ቀስ ብዬ ነው። የውሃ ሽታ የሆነውን ሰው ቤተሰብ አሁንም በር በሩን ያያል፤ ስልክ ሲጮኽ ይደነግጣል። ዶዶን ግን የሚጠብቅ የለም፤ አነጋገሩም ፌዝ ቢጤ ስላለበት በብዛት ለዕቃና ለልማድ ይውላል እንጂ ለሚናፈቅ ሰው አይሆንም። ከዚያ ቀን በኋላ ቀዩን እስክሪብቶ ከማንሳቴ በፊት እጠይቃለሁ።

ሰኔ ላይ «የዶዶዎች ጠረጴዛ» ዘረጋን፤ ካሴት፣ ፍሎፒ ዲስክ፣ የቴሌ ካርድ መጣ። አንዲት እናት የላኩት የካሜራ ፊልም መያዣ ውስጡ መርፌና ቁልፍ ነበረበት፤ ባዶውን እንድንመልስ ሳይሆን እንዳለ እንድንመልስ አደራ ብለዋል። ኩራዝ ግን አጣላን። ግማሹ «ዶዶ ነው» ሲል፣ ክረምቱን ገጠር አያቷ ዘንድ የምታሳልፈው ልጅ «እኛ ጋ ማታ ማታ ይበራል» ብላ ተቆጣች። ድምፅ ሰጥተን እሷ ተሸነፈች፤ ኩራዙም ከካሴቱ ጎን ተቀመጠ። በዚያው ምሽት መብራት ጠፋና ያመጣው ልጅ በማግስቱ መልሶ ወሰደው።