አባባ፣ ስለ ሳጥኑ

አዳማ

ውድ አባቴ፣ እንደምን ሰነበቱ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ትንሿ የፊት ጥርሷ ወልቆ ስሟን እንኳ በፉጨት ነው የምትጠራው። ትልቁ ፊዚክስ ከብዶት «አያቴ እዚህ ቢሆን ያስረዳኝ ነበር» ይላል። የግፊቱን ኪኒን ተሽሎኛል ብለው እንዳያቋርጡ አደራ። ግፊት ሲመለስ አያስታውቅም።

ይህን በስልክ ትቼ በሰው እጅ የላክሁት ስለ ሳጥኑ ስለሆነ ነው፤ ከተዘጋው የሰብዓዊ መብት ቢሮአችሁ የተረፈው፣ የሰዎች ቃል የተጻፈበት ወረቀት ስላለበት ሳጥን።

የ2001ዱ አዋጅ፣ ቁጥር 621፣ ቢሮአችሁን እንዴት እንዳዘጋው ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሰብዓዊ መብት ላይ አይሠራም ተባለ። ስሙን አስመዝግቦ ለመብት ድርጅት ገንዘብ የሚሰጥ ነጋዴ ደግሞ ከየት ይምጣ? አዋጁ ዝጉ አላለም፤ የዕለት ጉርሳችሁን ነሥቶ በራሳችሁ እጅ አዘጋችሁ። ኢሰመጉ፣ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ጉባኤ እንኳ፣ በ2002 የባንክ ሒሳቡ ታግዶ ከ12 ቢሮዎቹ 9ኙን ዘጋ። ከስሙ ላይ «የኢትዮጵያ» የሚለው ወልቆ «ሰመጉ» ሆነ። ቢሮ ሲዘጋ ግን ወረቀቱ የት እንደሚገባ ማንም አይጠይቅም። ሠራተኛው ቤት ነው የሚገባው፣ አልጋ ሥር።

እኛ ልጆችዎ የምንተኛበት አልጋ ሥር፣ አባባ። እስከ ዛሬ አልተናገርኩትም። የሰው አደራ መጠበቅዎን አከብራለሁ፤ ለእማዬ ግን ሊነግሯት ይገባ ነበር። እርስዎ በሌሉበት ቤቱ ቢፈተሽ መልስ የምትሰጠው እሷ ነበረች።

የ2011ዱ አዋጅ 1113 ያንን የ10 በመቶ ገደብ አንሥቶታል። ቢሆንም በ2017 ኅዳርና ታኅሣሥ ለመብትና ለዴሞክራሲ የሚሠራው ካርድ፣ ኢሰመጉና የሰብዓዊ መብት ተሟጋቾች ማዕከል፣ ሌሎችም ታገዱ። ከተሰጣቸው ምክንያት አንዱ «ገለልተኛ አይደላችሁም» የሚል ነው። እገዳው ከወራት በኋላ ቢነሣም፣ ጊዜው አልፏል ብለን ሳጥኑን አደባባይ የምናወጣበት ቀን አልመጣም። እንዲበሰብስ መተውም አልችልም።

እስክመጣ ድረስ ሳጥኑን ከወለሉ ያንሡት፤ የሐዋሳ እርጥበት ከሥር ነው የሚበላው። ፌስታል ውስጥ አያሽጉት፣ ላቡን ይዞ ያሻግተዋል። ስፒሎቹን ይንቀሉ፤ ዝገቱ ወረቀቱን ይበሳል። በፋክስ የመጡት ያ የሚያብረቀርቀው ወረቀት ላይ ስለሆኑ ጽሑፋቸው በራሱ ጊዜ ይጠፋል፤ ገና የሚነበቡትን ለብቻ ያስቀምጡልኝ፣ ኮፒ የምናደርገው ከእነሱ ጀምረን ነው። በስልክ ግን አንድም ገጽ እንዳያነሡ። ፎቶው ሳያውቁት ወደ ጎግል ሊወጣ ይችላል፣ ስልኩ የተያዘ ቀን ሁሉም ተያዘ ማለት ነው።

ከባዱ ሥራ ስሙ ነው። ቃል የሰጡት ሰዎች ስም ከነቃላቸው አንድ ገጽ ላይ ነው ያለው። ለእያንዳንዱ ቁጥር ሰጥተን፣ ቃሉን በቁጥሩ፣ ስሙን ከነቁጥሩ በሌላ ደብተር እንጽፋለን። ሁለቱ አንድ ቤት አያድሩም። ያኔ ፈቅደው የተናገሩት ለእናንተ ቢሮ ነበር፤ ለሌላ ሰው ከመስጠታችን በፊት በሕይወት ያሉትን እንደገና መጠየቅ አለብን። ቀበሌው በቁጥር ብቻ የተጻፈበት ላይ በአጠገቡ ያለውን ቤተ ክርስቲያን ወይም ገበያ ይጨምሩበት፤ ክልሉም ክፍለ ከተማውም ተለውጧል፣ «አዋሳ» ራሷ «ሐዋሳ» ተብላለች። «3 ሰዓት» ያሉት የጠዋት ይሁን የማታ ይለይ። ያዩትንና የሰሙትን በአንድ አረፍተ ነገር የቀላቀሉባቸው ገጾችም አሉ፤ ኋላ ጠበቃ የሚይዘው እሱን ነው።

ምናልባት ፈታሽ ቢመጣ የፍርድ ቤት ማዘዣ ይጠይቁ። የሚወሰደው ሁሉ በሁለት ቅጂ ይዘርዘር፣ ጎረቤት አይቶ ይፈርም፣ አንዱ ቅጂ እርስዎ ዘንድ ይቅር። አይከራከሩ፤ የልብዎን ነገር ያውቁታል።

ባለፈው እሑድ ሲደውሉ በአክስቴ ስም ጠሩኝ። ሁለት ጊዜ። ስቄ አለፍኩት፣ ሌሊቱን ግን አልተኛሁም። ገጾቹ ላይ ግማሹ ስም በምህጻረ ቃል ነው፣ «ወ/ሮ አ.» «አቶ ተ. የወፍጮ ቤቱ»። እርስዎ ካልነገሩኝ ማን መሆናቸውን የሚያውቅ የለም። እነዚያ ሰዎች እርስዎን አምነው ነው የተናገሩት።

ቅዳሜ በጠዋቱ መኪና እመጣለሁ። ባዶ ደብተር እኔ ይዤ እመጣለሁ፣ እርስዎ መነጽርዎን ያስጠግኑ። ምሳ አያስቡ፣ ከዚህ ይዤ እመጣለሁ። ወ/ሮ አ.ን እስከዚያ ያስቡልኝ፤ የምንጀምረው ከእሷ ነው።

ልጅዎ