ለባዶ መንገድ መቆም

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
ጥቅምት 12

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

ጤናዎ እንዴት ነው? እኔ ከእርስዎና ከእማማ ናፍቆት በስተቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።

ባለፈው ስለ ቅጣቱ ስነግርዎ «በሌሊት ለባዶ መንገድ ማን ይቆማል?» ብለው ሳቁብኝ። ኔትወርኩ ስለተቋረጠ መልሴን በደብዳቤ ልጨርሰው።

ነገሩ የሆነው ዋሽንግተን ውስጥ ነው። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተሳፋሪ አውርጄ ስመለስ ስቶፕ ሳይን፣ ማለትም የመቆሚያ ምልክት፣ ላይ ደረስኩ። ፍሬኑን ነካ ነካ፣ ግራ ቀኝ ገልመጥ አድርጌ፣ መኪናዋ እየተንከባለለች አለፍኩ። ሰውም ውሻም አልነበረም፤ ካሜራ ግን ነበር። ከመኪናዋ ፎቶ ጋር የ100 ዶላር ቅጣት በፖስታ መጣልኝ። ካልከፈሉት ደግሞ እጥፍ ይሆናል።

እዚህ ጎማው ጨርሶ መቆም አለበት፤ ያውም ከነጩ መስመር በፊት። አራቱም አቅጣጫ ምልክት ካለው ቀድሞ የደረሰ ቀድሞ ያልፋል፤ እኩል ከደረሱ በስተቀኝ ላለው ይለቃል። ትራፊክ የለ፣ መብራት የለ! አንዱ እየተንከባለለ ከመጣ ግን ተራው የማን እንደሆነ ይጠፋል።

የእኛው ምልክት «ቁም» ነው የሚለው፣ በአንተ። ትልቅ ሰው የማይታዘዘው ለዚህ ይሆን? እርስዎማ በኤንትሬ የጭነት መኪናዎ አሰብ ሲመላለሱ ከሚሌ ኬላ በቀር የት ይቆሙ ነበር!

ብስክሌተኛ ብሆን ኖሮ አልቀጣም ነበር። መንገዱ ነጻ ከሆነ ሳይቆሙ እንዲያልፉ ከተማው በ2022 ባጸደቀው ሕግ ፈቅዶላቸዋል። በዚህ ብዙ አጉረመረምኩ። በኋላ ነው የገባኝ፤ ብስክሌተኛ ዓይኑን የሚጋርደው ነገር የለም። እኔን ግን ከፊት መስታወቱ ጎን ያለው ቋሚ ብረት ይጋርደኛል።

አንድ ጠዋት፣ ቅጣቱ እያንገበገበኝ፣ ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ባዶ ነው ያልኩት መንገድ ላይ፣ ከዚያ ብረት ኋላ ሕፃን በጋሪ የምትገፋ ሴት ብቅ አለች። መኪናዋ ስትንከባለል ብረቱም ከእግረኛው እርምጃ ጋር አብሮ ይሄዳል፤ እንደሸሸገው መስመሩ ላይ ይደርሳል። ስትቆም ነው እግረኛው ከብረቱ የሚወጣው። እጄ መሪው ላይ ሲንቀጠቀጥ ሴትዮዋ አላየችም፤ እጇን አውለብልባልኝ ሄደች።

በሌሊት ለባዶ መንገድ 100 ዶላር መቅጣት አሁንም ግፍ ይመስለኛል። ግን በሌሊትም እቆማለሁ። ከኋላዬ ጥሩንባ ይነፋሉ፤ ይንፉ።

የዓይን ጠብታውን በሚመጣ ሰው ልኬያለሁ፤ ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥ። እማማን ሳሙልኝ።

ልጅዎ