የሲስተም ዋጋ የመግዣው ብቻ አይደለም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ 19 ዓመት ሠርቻለሁ። ሰሞኑን አዲስ የመዝገብ ሲስተም ልንገዛ ነው። የዋጋ ማወዳደሪያውን ሳየው የመግዣ ዋጋ ብቻ ነው ያለበት። ዝም ማለት አልቻልኩም።

ባለፈው ማክሰኞ የአንድ ባለጉዳይ የ2003 ዓ.ም. ውል ተፈለገ። ፋይሉ አለ። ስከፍተው ግን ገጹ ሙሉ የፈረንጅ ፊደል፣ ቅንፍና የዶላር ምልክት ነው። የተጻፈበት የድሮ ፎንት አዲሱ ኮምፒውተር ላይ የለም። ፎንቱን ከየትም ብለን ጫንነው፣ ውሉም ተነበበ። የሰውየውን ስም ጽፌ ስፈልግ ግን "የለም" ይለኛል። ዓይናችን አማርኛ ያያል፤ ኮምፒውተሩ የያዘው ዛሬም የፈረንጅ ፊደል ነው።

ነገሩ ቀላል ሒሳብ ነበር። የድሮዎቹ ፎንቶች በተሠሩበት ጊዜ አንድ ፎንት የሚይዘው ቢበዛ 256 ምልክት ነው። 33ቱ ፊደላት በ7 ሲባዙ ብቻ 231 ይሆናሉ። ዲቃላዎቹ፣ ቁጥሮቹና ነጥቦቹ ሲጨመሩ አይበቃም። ስለዚህ ፊደላችን ለሁለት ለሦስት ፎንት ተከፋፍሎ በላቲን ፊደላት ቦታ ተቀመጠ። በጊዜው ሌላ መላ አልነበረም። ያንን የሠሩትን ሰዎች ዛሬም አመሰግናለሁ።

ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ለእያንዳንዱ የዓለም ፊደል የራሱን ቁጥር በሚሰጠው የኮምፒውተር ሥርዓት ውስጥ፣ የገባው እንደ ፈረንጆቹ በ1999 ነው። የእኛ ቢሮ ወደ 10 ዓመት ገደማ ቆይቶ፣ በ2001 ዓ.ም. ሲስተም ሲገዛ በድሮው ፎንት የሚሠራውን መረጠ። ርካሽ ነበር። ጸሐፊዎቹም ኪቦርዱን ስለለመዱት ሥልጠና አላስፈለገም። እውነቱን ለመናገር ያን ዓመት ገንዘብ ተርፏል።

የተረፈው አሁን እየተከፈለ ነው። ወደ ዩኒኮድ መቀየሪያ ፕሮግራም አለ፤ ተራ ደብዳቤ ላይ ደህና ይሠራል። ዳታቤዛችን ውስጥ ግን የቱ ፊደል በየትኛው ፎንት እንደተጻፈ አልተያዘም። ስለዚህ እኔና አንዲት ባልደረባዬ ወረቀቱን ከመደርደሪያ እያወረድን ስም በስም እናመሳክራለን። በቀን 40 መዝገብ ከጨረስን ጥሩ ቀን ነው። ይኸው ሦስተኛ ዓመታችን።

የሁለት ሰው የሦስት ዓመት ደመወዝ በ2001ዱ ጨረታ ላይ ማንም አልጻፈውም። በዘንድሮው ይጻፍ። የ10 ዓመቱ ጥገና፣ የፈቃድ እድሳቱ፣ ሥልጠናው አብሮ ይደመር። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ነገ ሲስተሙን ብንተወው መረጃችንን ይዘን ለመውጣት ስንት እንከፍላለን? አቅራቢው ይህን በጽሑፍ ይመልስ። ውል ከመፈረሙ በፊትም 100 መዝገብ አስገብቶ፣ መልሶ አውጥቶ ያሳየን። የወጣውን ከወረቀቱ ጋር የማመሳከሩን ሥራ እኔ እወስዳለሁ።

የመዝገብ ቤት ሠራተኛ
ከአዲስ አበባ