ለእማዬ፦ ወደ ኮንዶሚኒየሙ ምን ይምጣ፣ ምን ይቅር

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፤

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነን።

መስቀልን እዚያው መንዝ፣ መሐል ሜዳ አሳልፈሽ ወደ ደብረ ብርሃን ለመግባት መቁረጥሽን ሰምተን ቤቱ በሙሉ ደስ ብሎታል። “ሙቀጫውን፣ እህሉን፣ ምድጃውንና ሁለቱን በጎች ምን ላድርጋቸው?” ብለሽ ያስጠየቅሽኝ ግን በስልክ በሁለት ቃል የሚመለስ አልሆነም። መልሱ ከቤቱ አሠራር ጋር የተያያዘ ስለሆነ ትንሽ ረዘም አድርጌ እጽፍልሻለሁ፤ የሚያነብልሽ ልጅ ሳይቸኩል ያንብብልሽ።

ኮንዶሚኒየም ከበርሽ ወደ ውስጥ ያንቺ፣ ከበርሽ ወደ ውጭ የሁሉም ነው። መሠረቱ፣ ምሰሶው፣ ደረጃው፣ ጣሪያው፣ ከላይ እስከ ታች የሚወርደው የፍሳሽ ቱቦ የጋራ ነው። የጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995ም ባለቤቶቹ ማኅበር አቁመው የጋራውን አብረው እንዲያስተዳድሩ፣ ወጪውንም እንዲጋሩ ይላል። ለአንቺ አዲስ የሚሆንብሽ ግን ሕጉ አይደለም። የረገጥሽው ወለል የሌላ ሰው ጣሪያ መሆኑ ነው።

ከሙቀጫው ልጀምር። ወለሉ እንደ መሬት ድፍን አይደለም። ተገጣጣሚ የኮንክሪት ቢሞች ተዘርግተው፣ በመካከላቸው ውስጡ ክፍት የሆነ ብሎኬት ተደርድሮ፣ ከላይ በስስ ኮንክሪት የታሰረ ነው። ለሰውና ለአልጋ ምንም አይል፤ ለዘነዘና ግን ከበሮ ነው። አንቺ ነጭ ሽንኩርት ስትወቅጪ ከታች ያለው ሕፃን ከእንቅልፉ ይባንናል። ሙቀጫውን አምጪው፣ ከሥሩ ግን አጎዛ ሁለት ጊዜ አጥፈሽ አንጥፊ፤ ቦታውም የክፍሉ መሐል ሳይሆን በምሰሶው ጥግ ይሁን፤ እዚያ ወለሉ ጠንካራ ስለሆነ ብዙ አይርገበገብም። ለበርበሬው ውቅጫ ግን ግቢ ውስጥ ያለው የጋራ መገልገያ ቤት ይወረዳል። የተሠራውም ለዚሁ ነው፤ እርድም፣ የድግስ ወጥም፣ ለቅሶም እዚያ ነው።

ጎታው ይቅር። እህሉን ግን በማዳበሪያ አድርገሽ አምጪ፤ ሦስት ኩንታል ቢሆን ቤቱ ይሸከማል። አንዱ በሌላው ላይ አይቆለል፤ በግድግዳው ሥር በረድፍ ይቀመጥ። ከሥሩ ከወለሉ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ያለ ጣውላ ይግባለት፤ ከውጭው ግድግዳም ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር ይራቅ። የውጭው ግድግዳ ሌሊት ይቀዘቅዝና ጠዋት ያልበዋል፤ የተጠጋው ማዳበሪያ ያንን ላብ ይጠጣል፤ ከዚያ ሻጋታው ይከተላል። መንዝ ላይ እህል የሚያበላሽብሽ ነቀዙ ነበር፤ እዚህ እርጥበቱ ይብሳል።

ስለ ክብደት ካነሳሁ ውሃውንም ልንገርሽ። ብዙ ሰው ባለ 500 ሊትር ሮቶ ገዝቶ በረንዳ ላይ ያቆማል። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው፤ ስለዚህ የሞላ ሮቶ አምስት ኩንታል ጤፍ ማለት ነው፤ ያውም ሁሉም በአንድ ሜትር ቦታ ላይ። በረንዳው ከሕንፃው ወጣ ብሎ የተንጠለጠለ ስለሆነ ከሥሩ የሚደግፈው ምሰሶ የለም። እኛ ሁለት ባለ 100 ሊትር በርሜል ነው ያዘጋጀነው፤ አንዱ ወጥ ቤት፣ አንዱ መታጠቢያ ቤት፣ ሁለቱም ግድግዳ ተጠግተው። ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ሲመጣም ቀን ቀን የታችኞቹ ቧንቧ ሲከፍቱ ወደ ላይ የሚወጣበት ጉልበት አይተርፈውም፤ ቤታችን ያለበት ሁለተኛ ፎቅ ከመሬት ስድስት ሜትር ያህል ነውና። ሌሊት ሁሉም ሲተኛ ይወጣል።

እዚህ ላይ አደራ የምልሽ አንድ ነገር አለ። ቧንቧ ከፍተሽ “ውሃ የለም” ብለሽ ሳትዘጊ እንዳትሄጂ። በኮንዶሚኒየም ጎረቤትን ከጎረቤት ከሚያጣላው ሁሉ ይኸኛው ይበዛል። ሌሊት ውሃው ይመጣል፤ ሳህን ማጠቢያው በጨርቅ ወይም በሳህን ተደፍኗል፤ ወለሉ ሞልቶ በብሎኬቱ ክፍተት ይገባና ከታች ባለው ሰው ኮርኒስ፣ አንዳንዴም በመብራት ሽቦው በኩል ይወርዳል። ከቆጣሪው ቀጥሎ ያለውን ዋና መዝጊያ አሳይሻለሁ፤ ከቤት በወጣሽ ቁጥር እሱን ዝጊ፤ ወደ ቀኝ ስታዞሪው ይዘጋል።

ምድጃው። ኩበትና እንጨት አይሆንም፤ ጭሱ መውጫ የለውም፤ በደረጃው በኩል ወደ ላይኞቹ ቤት ይገባል። የከሰሉን ምድጃ ለቡናሽ አምጪው። ግን ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ መጣ ብለሽ ከሰል መኝታ ቤት ይዘሽ እንዳትገቢ፤ በእመቤቴ ይዤሻለሁ። የሣር ክዳኑ ቤት በየቀዳዳው ይተነፍስ ነበር። ይህ በስሚንቶ የተለሰነ፣ መስኮቱ የተጋጠመ ቤት ግን አይተነፍስም። ከሰል ሲነድ የሚወጣው መርዝ ቀለምም ሽታም የለውም። “ፍም ሆኗል፣ ጭሱ አልቋል፣ ምንም አያደርግም” የሚሉሽን አትስሚ፤ ያለቀው ጭሱ ብቻ ነው፤ መርዙ ከፍሙም ይወጣል። መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ከዚያ ማቅለሽለሽ፣ ከዚያ ጉልበት መክዳት ነው፤ የተኛ ሰው ደግሞ ይህንንም ሳያውቅ ያልፋል። ቡናው በረንዳው በር አጠገብ፣ በሩ ተከፍቶ ይፈላ። ሲያበቃ ፍሙ በረንዳ ላይ ወጥቶ ይደር።

እንጀራ በኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። ምጣዱ 3,500 ዋት ያህል ይስባል፤ በ220 ቮልት 16 አምፔር ማለት ነው። ግድግዳው ላይ ያለው ተራ ሶኬት የሚችለው የመጨረሻው ልክ እዚያ ድረስ ስለሆነ፣ በየሳምንቱ ለሁለት ሰዓት ሲጋገርበት ይግላል፣ ፕላስቲኩ ይቀልጣል። ለዚህ ከብሬከር ሳጥኑ የሚነሣ የራሱ መስመር አስገብተንለታል፤ ሽቦው ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር፣ ብሬከሩ 25 አምፔር ነው። ያንን መስመር ለሌላ ነገር አትንኪው። ብሬከሩ ከወደቀ አንዴ አንሺው፤ ደግሞ ከወደቀ ምጣዱን ነቅለሽ ተይው እንጂ በግድ አትያዢው።

ቅዳሜ ጠዋት አትጋግሪ። ብሎኩ በሙሉ የሚጋግረው ያን ጊዜ ነው፤ ኃይሉ ከ220 ወደ 180 ቮልት ሲወርድ ምጣዱ ከሙቀቱ አንድ ሦስተኛ ያህሉን ያጣል። ያኔ እንጀራው ዓይን አያወጣም፣ ይጣበቃል፣ አንቺም ሊጡን ትጠረጥሪያለሽ። ሊጡ ምንም አልሆነም። ማክሰኞ ወይም ሐሙስ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ሞክሪው፤ ልዩነቱን ታይዋለሽ።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ፤ ጠላሽን ሳልከለክልሽ። ጠላ ጥመቂ። አተላው ግን በመታጠቢያውም በሽንት ቤቱም እንዳይደፋ። ከሳህን ማጠቢያው የሚወጣው ቱቦ 50 ሚሊ ሜትር፣ የሽንት ቤቱ 110 ሚሊ ሜትር ነው፤ የሁላችንም ፍሳሽ በአንድ ቁም ቱቦ ይወርድና ምድር ላይ ሲደርስ ወደ ጎን ይታጠፋል። የሚደፈነው እዚያ መታጠፊያው ላይ ነው። የጌሾው እንጨት ይጋደማል፣ አተላው ይከመርበታል፣ የቡናው አምቡላ ይደፍነዋል። ከዚያ ከላይ የሚለቀቀው ሁሉ መሄጃ ሲያጣ በምድር ቤቱ ሰው የወለል ማፍሰሻ ገንፍሎ ይወጣል። የሚደፋው ከላይ፣ የሚሸተው ከታች ስለሆነ አጥፊው ሳያውቅ ይኖራል። አተላውን በባልዲ አስቀምጪልኝ፤ ከብት የሚያደልቡ ሰዎች ደስ ብሏቸው ይወስዱታል።

የበጉም ላት እንደዚያው ነው። የመንዝ በግ ላቱ እንዴት እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ፤ በዚህ ብርድ ቱቦ ውስጥ የገባ ስብ እንደ ሻማ ይረጋል። “በፈላ ውሃ አጥቤዋለሁ” ማለት አያድንም፤ የፈላው ውሃ ስቡን ከእኛ ቱቦ አንሥቶ አንድ ፎቅ ዝቅ ብሎ ያረጋዋል። ድስቱን ከመታጠቡ በፊት በወረቀት ወይም በቁራጭ እንጀራ ጥረጊው፣ ጥራጊው ወደ ቆሻሻ ይሂድ።

ከተደፈነ አሲድ የሚሸጥልሽን አትግዢ፤ ሲፎኑን፣ ከማጠቢያው ሥር ያለውን ጎባጣ ቱቦ፣ ይበላዋል፣ ስቡንም አያወጣውም። መጀመሪያ ሕንፃው አጠገብ ያለው ማንሆል ይከፈታል። ማንሆሉ ሞልቶ ከተገኘ ችግሩ ከእሱ ወዲያ ነው፤ ወይ መስመሩ ተዘግቷል ወይ የፍሳሽ ማጠራቀሚያው ጉድጓድ ሞልቶ የሚመጥ መኪና መጥራት ያስፈልጋል። ደረቅ ከሆነ ግን ድፍኑ በሕንፃውና በማንሆሉ መካከል ነው፤ ድፍኑን የሚከፍተው ዘንግ ከማንሆሉ ወደ ሕንፃው ይገባል። ይህ ሁሉ ሲሆን የሁሉም ፎቅ ሰው ውሃ እንዳይለቅ ይነገራል። ሳይነገር የተጀመረ ሥራ ቧንቧ ሠራተኛውን እላዩ ላይ ያስደፋበታል፤ ሁለተኛ ተጠርቶም አይመጣ።

ለታኅሣሥ ገብርኤል ወደ አገር ሄደሽ ከቆየሽ፣ ስትመለሺ ቤቱ ቢሸት አትደንግጪ። በየማፍሰሻው ሥር ሽታውን የሚያግድ ጥቂት ውሃ አለ፤ ቤቱ ሲከርም ይተንና የቱቦው ጠረን ይወጣል። ከመሄድሽ በፊት በየማፍሰሻው አንድ አንድ ሊትር ውሃ፣ ከላዩ አንድ ማንኪያ ዘይት ጨምሪ፤ ዘይቱ ትነቱን ያዘገየዋል።

ስለ ግድግዳው ላብ ቀደም ብዬ ጠቅሼልሽ ነበር። መስኮቱ የብረት ነው፣ መስታወቱ አንድ ብቻ፤ ትንፋሽ፣ የወጥ እንፋሎት፣ ውስጥ የተሰጣ ልብስ ተጠራቅሞ በቀዝቃዛው ጥግ ይጤዛል፤ ጥቁር ሻጋታም ያወጣል። ብርዱን ሸሽተሽ ሁሉንም መዝጋት ነገሩን ያብሰዋል። ፀሐይ ከሞቀ በኋላ ትይዩ ያሉትን ሁለት መስኮቶች ለ15 ደቂቃ ክፈቺ፣ አልጋውን ከግድግዳው አርቂው፣ ልብስ በረንዳ ላይ ይሰጣ። ሻጋታውን አንድ እጅ በረኪና በአሥር እጅ ውሃ በጥብጠሽ ጥረጊው፤ መስኮት ተከፍቶ። ቀለም መቀባት መሸፋፈን ነው። ላቡ ነው ወይስ ከላይ ቤት የሚያፈስ ውሃ ብለሽ ከተጠራጠርሽ፣ እርጥቡን ቦታ በጨርቅ አድርቀሽ ላስቲክ ዙሪያውን አጣብቂበትና አንድ ቀን አቆዪው። ጤዛው ከላስቲኩ ላይ ከሆነ የክፍሉ ላብ ነው፤ በላስቲኩና በግድግዳው መካከል ከሆነ ውሃው ከግድግዳው ነው የሚመጣው፤ ያኔ ከላይ ካለው ጎረቤት ጋር መነጋገር ያስፈልጋል።

በጎቹን ሽጫቸው። አንዱን ለበዓል ከፈለግሽ እዚሁ ይገዛል፤ ከብሎኩ ግቢ ውስጥ ማሰር ማኅበሩ አይፈቅድም፣ በረንዳ ላይማ አይታሰብም።

ሥዕለ ማርያምን ራስሽ በሚስማር እንዳትመቺ፤ ብሎኬቱ ውስጡ ባዶ ስለሆነ ሚስማሩ ይወልቃል። በድሪል በስቼ ፊሸር አስገብቼ እሰቅልልሻለሁ።

ደረጃው 36 ነው። በየዘጠኙ ማረፊያ አለ፤ የእጅ መደገፊያው ብረት ጠዋት ጠዋት ይበርዳል፣ ጓንት ገዝቼልሻለሁ። ዕቃ ይዘሽ አትውጪ፤ ከታች ዘበኛውን ጥሪው።

ዝተቱን እንዳትረሺ፤ ሁለቱንም። የስሚንቶውን ወለል እንደ መንዝ ሱፍ የሚያሸንፈው ምንጣፍ እዚህ ገበያ ላይ አላገኘሁም። የአባዬንም በርኖስ አምጪው።

የምትነሺበትን ቀን ሁለት ቀን ቀደም ብለሽ አስደውይልኝ፤ ውሃው የሚመጣበትን ሌሊት አይቼ በርሜሎቹን ሞልቼ ልጠብቅሽ።

ልጅሽ