እማዬ ፊት የማይነበብ

እታለሜ፣

ይህን ደብዳቤ እማዬ ፊት እንዳታነቢው። ቤት ውስጥ ሰው ካለ አጥፈሽ ያዢውና ማታ ለብቻሽ አንብቢው። እንደምን ከርማችኋል፣ እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ሁለት ወር ሙሉ ዝም ያልኩት አኩርፌ አይደለም። እናንተ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጋችሁ እማዬ ጆሮ ሥር ነው የምታስቀምጡት። ይህ ደግሞ በስልክ የሚነገር ነገር አይደለም።

«ለኢየሩሳሌም ገንዘብ አላት፣ ለእናቷ መጠየቂያ ግን የላትም» ማለትሽ ደርሶኛል። ቲኬቱን የቆረጠችው ልጄ ናት፤ እኔ ሕማማቱን ዴር ሱልጣን ገዳም እንድሰግድ፣ ልጇም አያቱን ተከትሎ አገር እንዲያይ ብላ። የዓመት ዕረፍቴ እዚያው አለቀ። ለወንድማችን ልጅ ሰርግ የማልመጣው በዚህ ነው እንጂ ጠልቼ አይደለም። ሥራው ቀላል ነው፣ ኤርፖርት ውስጥ ነው፣ ብርድ የለውም። ጉልበቴንም ሐኪም አይቶልኛል።

እታለሜ፣ የአጎታችንን፣ የእማዬን ወንድም ቤተሰብ አገኘኋቸው።

ኢየሩሳሌም ከአንድ የአገራችን ሰው ሱቅ በርበሬ ልገዛ ገብቼ ነው። ባለሱቋ አገሬን ጠየቀችኝ። ጎንደር አልኳት። ጎንደር የት? ጭልጋ። እናትሽስ? የወለቃ ልጅ ናት፣ ከቤተ እስራኤሎቹ ስላት ቀና ብላ አየችኝ፤ የአያታችንን ስም ስነግራት ስልኳን አነሳች። በማግስቱ አንድ ሽበታም ሰው በመኪና መጥቶ እኔንም ልጁንም ናታንያ ከተማ ወሰደን። የአጎታችን ልጅ ነው።

የአጎታችን ሚስት አለች፤ አርጅታለች፣ አማርኛዋ ግን የድሮው የጎንደር አማርኛ ነው። ልስማት ስጠጋ «ቆይ አንቺ ልጅ፣ መጀመሪያ ዘርሽን ቁጠሪ» አለችኝ። እማዬ እሳት ዳር እንዳስቆጠረችን ቆጠርኩ። አምስተኛው ቤት ላይ ስደናቀፍ እሷ ተቀብላ ሰባተኛው ድረስ ወሰደችው። ከዚያ በኋላ ነው አንገቴ ላይ የተጠመጠመችው። ትንሽ ቆይታ ግን፣ እማዬ አባባን ልታገባ ክርስትና የተነሳች ጊዜ ቤተሰቡ እንደሞተ ሰው እንዳለቀሰላት ፊት ለፊት ነገረችኝ። ልቤ ሻከረብኝ። ቢሆንም ዝም አልኩ፤ የሰው ቤት ነው፣ ደግሞም እውነት ነው።

የእነሱ ፋሲካና የእኛ ሕማማት ገጥሞ ስለነበር እንጀራ በቤቱ አልነበረም። እነሱ እርሾ አይቀምሱም፣ እኔ የፍስክ አልነካም። ቂጣ በድንች ወጥ ቀረበልንና ሁላችንም በላን። ወለቃ መንገድ ዳር ዛሬም ሸክላ ይሸጣል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ይሸጣል አልኳት። እኔስ ካየሁት ስንት ዘመኔ ነው! አላውቅም ማለት ግን አፈርኩ።

አጎታችን ኢየሩሳሌም አልገባም፣ እታለሜ። በ1976 ክረምቱ ሳይገባ ወጡ፤ ቀን ተደብቀው ሌሊት እየተጓዙ ሱዳን ደረሱ። ገዳሪፍ አካባቢ ኡም ራኩባ የሚባል መጠለያ ውስጥ በሽታ ሰዉን ሲፈጀው እሱንም ትኩሳት ጣለው። በጥቅምት ሞተ። የሙሴ ዘመቻ ያሉት፣ አውሮፕላኖቹ ሰዉን ከሱዳን ወደ እስራኤል በምስጢር ማመላለስ የጀመሩት በኅዳር 1977 ነው። አንድ ወር! በዚያ መንገድና በሱዳን ያለቁት አራት ሺህ ያህል ናቸው ይባላል፤ ኢየሩሳሌም ሄርዝል ተራራ ላይ መታሰቢያ ቆሞላቸዋል፣ በየዓመቱ እዚያ ሄደው ያለቅሱላቸዋል።

እማዬ «በሌሊት መጣ፣ ከደጅ ቆመ፣ ውኃ እንኳ ሳይቀምስ ‹ንግድ ልሄድ ነው› ብሎኝ ሄደ» የምትለው ትዝ ይልሻል? ይሄው ሽበታም ልጁ ያኔ ስምንት ዓመቱ ነበር። አባቱ አንድ ቤት ሲደርስ ከአጥሩ ውጭ ከአህያይቱ ጋር አቁሞት «ድምፅ እንዳታሰማ» ብሎት ገባ። ተመልሶ ሲወጣ እስኪነጋ ቃል አልተናገረም። የማን ቤት እንደሆነ እኔ እስክነግረው አያውቅም ነበር። እማዬ የወንድሟ ልጅ በጨለማ ደጇ ላይ ቆሞ እንደነበር ብትሰማ ምን ትል ይሆን? እኔ አርባ ዓመት ሙሉ ያ ሰውዬ እህቱን ንቆ ነው የሄደው እያልኩ ስቀየመው ኖርኩ።

የልጅ ልጄ ግራ ገብቶት «ሰው ተገኝቶ ለምን ታለቅሳላችሁ?» አለኝ። ከዚያ የአጎታችን የልጅ ልጅ ለበዓል ከጦር ሰፈር መጣች፣ ወታደር ናት፤ ጠመንጃዋን ትከሻዋ ላይ እንዳንጠለጠለች ገብታ አያቷን ስትስም የኔው አፉን ከፍቶ ቀረ። እሱ ዕብራይስጥ አያውቅ፣ እሷ አማርኛ አይሆንላት፣ በእንግሊዝኛ ሲሳሳቁ አመሹ። አሁን ለትምህርት ቤት ጓደኞቹ ወታደር ዘመድ አለችኝ እያለ ይኮራል።

አሁን አደራዬን ስሚ። እማዬ ወንድሟ ኢየሩሳሌም ገብቷል ብላ ነው የምትኖረው። ሰርጉ ሳያልፍ ቃል እንዳይወጣሽ። የወንድማችን ልጅ በደስታ ትውጣ፣ እማዬም ታሸብሽብላት። እኔ እዚህ ሆኜ እየጨፈረች እንደሆነ ሳስበው ሆዴን ይበላኛል፣ ግን ሌላ ምን እናድርግ? ምላሹ ካለፈ በኋላ የንስሐ አባቷንና ዕድሜ የጠገቡ ሁለት ጎረቤቶች ይዘሽ ሊነጋ ሲል አርዷት። መድኃኒቷን አስቀድማ ትዋጥ። ፍትሐት ይደረግ እንዳትዪ፤ እሱ በሃይማኖቱ ነው የሞተው፣ ተዝካሩንም በሥርዓታቸው አውጥተውለታል። ለቅሶዋን ግን ትቀመጥ። መርዶው የእኔ ሥራ ነበር፣ ትልቋ እኔ ነኝ፤ በአንቺ ላይ ጣልኩት።

ይህን የምታመጣልሽ ሴት ገንዘብም ትሰጥሻለች። ትልቁ ፖስታ ለሰርጉ፣ ትንሹ ለለቅሶው ነው። ወንድማችን እንዳያደባልቀው፤ ታውቂዋለሽ።

የአጎታችን ሚስት ከእማዬ ጋር ካልተነጋገርኩ ብላ ቁጥርሽን ወስዳለች። ከምላሹ በፊት እንዳትደውል በልጇ አስምያታለሁ፣ ግን ልቧ አይችልም። ከውጭ አገር ቁጥር ከተደወለ ስልኩን ማንም እንዳይነካው፣ አንቺ አንሺው።

እህትሽ