ከፌስታሉ በፊት ጭሱ ነበር

ለዝግጅት ክፍሉ፤

ጤና ይስጥልኝ። ሽሮ ሜዳ አካባቢ ትንሽ ምግብ ቤት አለኝ፤ ስድስት ጠረጴዛና አንድ ጓዳ። ብዕር ያነሳሁት ስለ ፌስታል እገዳው ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤ ነው። እንደ እኛ ያሉ ትንንሽ ምግብ ቤቶች ስለ አካባቢ ማሰብ የጀመሩት ቅጣት ፈርተው ነው ይላል። እኔን አይመለከትም። የማውቃቸውን ብዙ ባለምግብ ቤቶችም አይመለከትም።

እኛ ቤት ነገሩ የጀመረው ከምድጃው ነው። ድሮ የምንጋግረው በጉልቻ ነበር። እሳቱ በምጣዱ ዙሪያ ይወጣል፤ እንጨቱ ያልቃል፤ ጓዳው በጭስ ይታፈናል። አንድ ጠዋት ጋጋሪያችን ሊጡን አዙራ አክንባሎውን ከደነችና ወደ ደጅ ወጣች። ዓይኗ ደም መስሏል። በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች «እትዬ፣ ከዚህ በላይ አልችልም» አለችኝ። እሷን ማጣት አልፈልግም ነበር። የእንጨቱም ዋጋ ክረምት በመጣ ቁጥር ይጨምራል።

አንዲት ጎረቤቴ ቤት አይቼ «ምርጥ ምድጃ» የሚባለውን ገዛሁ። ከሲሚንቶና ከአሸዋ የሚሠራ፣ ምጣዱን ዙሪያውን የሚይዝ ነው። እሳቱ ውስጥ ይቀራል። ጭሱ በኋላ በኩል ሲወጣ እዚያ የተጣደውን ድስት ያሞቃል፤ የሽሮውን ውሃ የምናሞቀው በዚያ ነው። ለአንድ ቀን ጋገራ የሚያልቀው እንጨት ወደ ሁለት ቀን ተጠጋ። ልጅቷም እስካሁን አብራኝ ነች። ማንም ኃላፊ መጥቶ አልመከረኝም።

ትርፍራፊውም እንደዚሁ ነው። ያደረ እንጀራ ጠዋት ፍርፍር ይሆናል፤ የተረፈው ይደርቅና ድርቆሽ ይወጣዋል። የድንችና የካሮቱን ልጣጭ ከብት የሚያደልቡ አባት ማታ ማታ ይወስዱታል። በ2009 ዓ.ም. መጋቢት ላይ ቆሼ የሚባለው የከተማው የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከመቶ በላይ ሰው ካለቀ ወዲህ፣ ማዳበሪያ ሙሉ ቆሻሻ ሳወጣ ልቤን ይከብደኛል።

ወደ ፌስታሉ ልምጣ። ስስ ፌስታል እንዳይመረትና እንዳይገባ የሚል ሕግ እኮ በ1999 ዓ.ም. ወጥቷል። ከሱቅ ግን ጠፍቶ አያውቅም፤ ርካሽ ነዋ! በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው አዋጅ ጠንከር ብሎ ፌስታል የያዘውንም ሰው ይቀጣል። እገዳውን እደግፋለሁ፤ ክረምት ላይ የሰፈራችንን ቱቦ የሚደፍነው ፌስታል ነው። ነገር ግን ምድጃው ያወጣሁበትን ገንዘብ መልሶልኛል፤ በፌስታሉ ፋንታ የሚገዛው የወረቀት ማሸጊያ ግን አይመልስልኝም። ሽሮ ደግሞ በወረቀት አይቋጠርም።

እኔ የቻልኩትን አድርጌያለሁ። ምሳ ዕቃ ይዞ ለመጣ ደንበኛ አንድ ጭልፋ ወጥ እጨምራለሁ። የሰፈር ሰው ለምዶታል፤ አሁን ምሳ ሰዓት ላይ ሰልፉ ሁሉ ምሳ ዕቃ ነው። መንገድ ላይ ያለና ስልክ ደውሎ የሚያዝ ሰው ግን ከየት ያመጣል? ለእሱ የሚሆን፣ ወጥ የማያፈስና ዋጋው የሚቀመስ ማሸጊያ ያስፈልገናል። ይህን የሚያመርቱ ወጣቶች የመሥሪያ ቦታና የግብር እፎይታ ቢያገኙ፣ ቁጥጥር የሚወጣው ሰው ብዛት ያን ያህል ባላስፈለገ ነበር።

በሚቀጥለው ስትጽፉ እባካችሁ መርካቶ ውረዱና የማሸጊያውን ዋጋ ጠይቃችሁ አውጡልን።

አክባሪያችሁ፣
የምግብ ቤት ባለቤት፤ ከሽሮ ሜዳ